ቁልፍ ስንል አዝራር ማለታችን ነበር

ለክቡር የገቢ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይም ጉልበትዎ። ባለፈው ወደ ሱቄ ብቅ ሲሉ ሁለቱን ደረጃዎች ለመውጣት የበሩን መቃን ይዘው ትንሽ ሲያርፉ አይቻለሁና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ከጉልበትዎ አልተለየም። እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እተነፍሳለሁ፣ እበላለሁ፣ ተቆልፎብኛል ማለቴ ነው።

ምናልባት ከብዙ ጉዳይዎ መካከል ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ ሦስት መኪና ያላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። መኪና ስል የስፌት መኪና ነው። ከደረሰብኝ ነገር በኋላ ቃል ሁሉ ሳልፈታ አላሳልፍም፤ ነገ ደግሞ ሦስት መኪና እያላት የተሽከርካሪ ግብር አልከፈለችም እንዳልባል እፈራለሁ።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ክፍያ ሁሉ በስልክና በባንክ ይሁን፣ ከተወሰነ መጠን በላይ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ወጪም እንደ ወጪ አይቆጠር የሚለው ደንብ ሲወጣ፣ ከመንገዳችን ነጋዴዎች መጀመሪያ እሺ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ያደላችሁንን ሥዕል በሬ ላይ ለጠፍኩ። ሥዕሉ ላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘችው እጅ የተጨማደደች፣ ስልክ የያዘችው እጅ ግን ለስላሳና ጥፍሯ የተቀባ መሆኑን ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ደንበኛ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሌባ እንዳየ ሰው እጮህበት ስለነበር፣ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ "የመንግሥት ጥሩምባ" የሚል ስም አወጣልኝ። ለዚህ ትጋቴም እርስዎ ራስዎ ከሁለት ፎቶ አንሺዎች ጋር መጥተው "የዘመናዊ ክፍያ አርአያ" የሚል ወረቀት በመስታወት አስገብተው ሸለሙኝ። አሁንም ከካውያው በላይ ተሰቅሏል፤ እንፋሎቱ ስለሚያጨፈግገው በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ።

የዚያን ዕለት በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ የምትሠራውን አክስቴን ጎንበስ ብለው አይተው፣ "እጅዎ ይባረክ፣ እናቴ" ብለዋታል። ግራጫ የሱፍ ጨርቅም ትተውልን ሄደዋል፤ ኮት እንዲሆንልዎ፣ ቀዳዳውም በእሷ እጅ እንዲሠራልዎ አዘው። ይህችን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን፣ ጊዜዎ የከበረ መሆኑን ስለማውቅ፣ አቤቱታዬን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ልማድ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁልፍ።

አንድ ክሊኒክ አንድ መቶ ሃምሳ ነጭ ጋውን እንድንሰፋለት አዘዘን። መጀመሪያ በዚፕ ነበር። ለልክ የወሰድንላትን ጋውን የለበሰችው ዋናዋ ሐኪም ግን ዚፑ አንገቷን ስለነከሳት፣ ዚፕ የሚባል ነገር እንዳላይ፣ ቁልፍ ይሁን አለች። ለአንዱ ጋውን ስድስት፣ በጠቅላላው ዘጠኝ መቶ ቁልፍና ዘጠኝ መቶ ቀዳዳ መሆኑ ነው። በመኪና የተሠራ ቀዳዳ ደጋግሞ በፈላ ውኃ ሲታጠብ ይተረተራልና ሁሉንም አክስቴ በእጇ ሠራች፤ አምስት ሳምንት ፈጀባት። የክሊኒኩ ሒሳብ ሠራተኛ ሥርዓት ያለው ሰው ስለሆነ የጋውኑን ዋጋ ለብቻ፣ የተጨመረውን ሥራ ለብቻ አድርጎ በባንክ ላከልኝ። በስልክ ገንዘብ ሲላክ "የክፍያ ምክንያት" የምትል ጠባብ ሳጥን አለች። በመጀመሪያው ላይ "የጋውን" ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ላይ "የቁልፍ" ብሎ ጻፈ።

ጉዱ የፈላው በዚህች ቃል ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተር፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ልብስ ለብሶ ስለማያውቅ ቁልፍ ሲባል ሸሚዝ ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው ሌላ ነገር ነው። ሱቅ የተከራየ ሰው ሱቁን ለሌላ ሲያስተላልፍ በጠረጴዛ ሥር የሚቀበላት፣ ለግብር የማያሳውቃት፣ "የቁልፍ" የምትባል ገንዘብ አለች አይደል? እሷን መሰለው። ስለዚህ ሱቄን በድብቅ ሸጬ ገንዘቡን ደብቄያለሁ ተባልኩ፤ የባንክ ሒሳቤም ተቆለፈ። ሱቋን ሸጣለች የሚለው ደብዳቤ የደረሰኝ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ እዚያው መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው አስፈርሞኝ ሲያበቃ የተቀደደች ኪሱን አሳየኝና ሰፋሁለት። ያለ ክፍያ ነው የሰፋሁት፤ ይህም ስጦታ ከሆነ ከወዲሁ አሳውቄያለሁ።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ወደ ሦስተኛው መስኮት ተመራሁ። እዚያ የሚሠራውን ወጣት እኔ "መስኮት ሦስት" ነው የምለው፤ ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም ምን ይታወቃል ብዬ አልጠየቅሁም። እሱም ነገሬን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ፣ "ታዲያ አዝራር ለምን አላላችሁም?" አለኝ። እውነቱን ነው። አዝራር የሚባል የተጣራ ቃል ቋንቋችን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስሰፋ አንድም ሰው አዝራሬ ተበጠሰ ብሎ ሱቄ ገብቶ አያውቅም። አሁን እኔው ደንበኞቼን አዝራር፣ አዝራር እያልኩ አስጨንቃቸዋለሁ፤ ባለፈው አንዲት ሴትዮ የመድኃኒት ስም መስሏት የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ ጠየቀችኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅሬታ ማቅረቢያው።

የተበደለ ሰው ቅሬታ እንዲያቀርብ መፍቀድዎን አመሰግናለሁ። ቅሬታ ለማስመዝገብ የምትከፈል ትንሽ ገንዘብ አለች፤ እሷን በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። መስኮቱ ላይ "ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም" ተብሎ ተለጥፏል። በስልክ ልክፈል ብል ሒሳቤ ተቆልፏል። ሒሳቡን ለማስከፈት ቅሬታ ማስመዝገብ፣ ቅሬታ ለማስመዝገብ መክፈል፣ ለመክፈል ደግሞ ሒሳቡ መከፈት አለበት። መስኮት ሦስት ይህን በትዕግሥት ሦስት ጊዜ አስረዳኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ አመስግኜው ወጣሁና ሦስቱንም ጊዜ ከደጅ ተመለስኩ፣ የሆነ ቦታ ያልሰማሁት ቃል ያለ እየመሰለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲሉ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜ በራሱ ስልክ ከፈለልኝ። በዚያች የምክንያት ሳጥን ውስጥ ምን ይጻፍ በሚለው ላይ እኔና እሱ ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል። ነገር እንዳይጠመዘዝበት ተጠንቅቆ "እህቴ ስለሆነች" ብሎ ጻፈ። ቅሬታዬ ተመዘገበ፤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሳምንቱ ግን ለወንድሜም ደብዳቤ ደረሰው፤ ስጦታ ሰጥተሃልና ቀርበህ አስረዳ የሚል። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ስልኩን ቶሎ አያነሳም። አልፈርድበትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስረጃ።

ቅሬታዬ ሲታይ፣ ቁልፉ የልብስ ቁልፍ መሆኑን እንዳሳይ ታዘዝኩ። ደስ ብሎኝ አንድ ጋውን አጣጥፌ ይዤ መጣሁ። መስኮት ሦስት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸውና፣ በእውነት የሚያምር ሥራ ነው፣ ነገር ግን ጋውን ሰነድ አይደለም አለኝ። ሰነድ የሚባለው፣ ዘጠኝ መቶውን ቀዳዳ ለሠራው ሰው በባንክ የከፈልኩበት ማስረጃ ነው። እኔ ደግሞ ለአክስቴ የከፈልኩት በእጇ ነው። የአምስት ሳምንት ድካሟ ከተፈቀደው መጠን በላይ ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት ያ ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ አልተሠራም። ሥራው ካልተሠራ ቁልፉ የበር ቁልፍ ነው ማለት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉታል የእኛ ሰዎች፤ እናንተ ሂደት ትሉታላችሁ።

በእጇ የከፈልኩት ደንቡን ንቄ እንዳይመስልዎ። አክስቴ የባንክ ሒሳብ የላትም፤ ሒሳብ ለመክፈት አሻራ ይጠየቃል። ይህም ደንቡ በወጣ ሰሞን በገዛ ሕንፃዎ ምድር ቤት፣ አሻራ በሚነሣበት ክፍል፣ የተሞከረ ነገር ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አክስቴ እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ጥፍሯን ቆረጠች፤ ለክፉም ለደጉም የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። ማሽኑ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ቀይ በራ። ሌላኛውን አሳረፈች። ቀይ። አሥሩንም ጣቶቿን ተራ በተራ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየተጠረጉ፣ ቅባት እየተቀቡ፣ እየተጫኑ ሞከሩ፤ ሦስት ቀን ተመላለስን። ሃምሳ ዓመት መርፌ ስትገፋና ክር ስትስብ ጣቷ እንደ ቁልፍ ልሙጥ ሆኗል። እንደ አዝራር ማለቴ ነው። በሦስተኛው ቀን ማሽኑን የያዘችው ልጅ፣ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ደክሟታል፣ "እማማ፣ እጅዎ የለም" አለቻት። አሻራዎ የለም ማለቷ ነው።

አክስቴ ሁለቱንም እጆቿን ገልብጣ አየቻቸውና፣ "ታዲያ እነዚህ የማን ናቸው?" አለች። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ወደ ቤት ስንሄድ ግን መንገዱን ሁሉ እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸሽጋ ነው የሄደችው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በትሕትና መናደድ የሚቻለውን ያህል ተናድጃለሁ፤ ስለዚያ መንገድ ግን በትሕትና መናደድ አልቻልኩም።

አራተኛው ከሦስተኛው የተወለደ ስለሆነ ቁጥር ባይሰጠውም ይገባኛል።

ባለፈው ሳምንት መስኮት ሦስት ከሥራ ሲወጣ ራሱ ወደ ሱቄ መጣ። አዝኖልኝ ነው የመጣው፤ ይህንንም በማለቴ እንዳይቀጡት አደራ እላለሁ። አንድ ቅጽ ይዞ ነበር። ቅጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለች፦ የቁልፍ ቀዳዳው ሥራ በሙሉ በመኪና የተሠራ መሆኑንና በዚህ ሱቅ ከእኔ በቀር ሌላ ሠራተኛ አለመኖሩን፣ ኖሮም አለማወቁን አረጋግጣለሁ የምትል። ለመኪና ደመወዝ አይከፈልምና ማስረጃም አይጠየቅበትም። ከፈረምኩ ሒሳቤ በዚያው ዕለት ይከፈታል። ካልፈረምኩ የፊታችን ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁ ይታሸጋል። ይህን ሁሉ በሹክሹክታ ነው የነገረኝ፤ ነገር ግን የአክስቴ ጆሮ እንደ ጣቷ አላለቀም።

እሱ እንደወጣ፣ መርፌዋን መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰክታ፣ "ፈርሚ፣ ልጄ፤ ወረቀት ላይ ባልኖር ቤቴ አለሁ" አለችኝ። በማግስቱ አልመጣችም። ቤቷ ብሄድ መስኮቱ ሥር ባዶ እጇን ተቀምጣ አገኘኋት፤ ዓይኔን አሞኝ ነው አለችኝ። ውሸቷን ነው። እኔ በሰባት ዓመቴ እናቴን ሳጣ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያኔ ማልቀሴን አላቆም ስላት ቁራጭ ጨርቅና መርፌ ሰጥታ የመጀመሪያዬን የቁልፍ ቀዳዳ አሠራችኝ፤ ጠማማ ነበር፣ እሷ ግን ቁልፍ አስገብታበት "ይኸው፣ ያዘ" አለችኝ። የሚጠየቀው ፊርማ እንግዲህ ይህችን ሴት አላውቃትም የሚል ነው።

ሰማይ ቢቀደድ ሽማግሌ ይሰፋዋል ይባላል። እኔም መንደሩ ውስጥ ምክር ያልጠየቅሁት ሽማግሌ የለም። ግማሹ ፈርሚ ይለኛል፣ ግማሹ ደግሞ ቀልድ እየመሰለው ይስቃል። ፀጉር አስተካካዩም፣ ያው ስም አውጪዬ፣ ጥሩምባው ምን ሆኖ ዝም አለ ብሎ ይጠይቀኛል። ብፈርም ሱቁ ይተርፋል፤ ባዶ ወንበሯን እያየሁ እሰፋለሁ። ባልፈርም ወንበሯም መኪናዬም አብረው ይታሸጋሉ፤ ያኔም እሷ በእኔ ምክንያት ነው ብላ እስክትሞት ድረስ ራሷን ትከስሳለች። መውጫ አጣሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ቢሆንም የተደረገልኝን መካድ ነውር ነው። ገንዘቤን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከእኔም ጭምር ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። ጥሬ ገንዘብ መያዝ ለአደጋ ያጋልጣል ብለው ባስተማሩን መሠረት፣ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ምንም ዓይነት ገንዘብ ባለመያዜ ደኅንነቴ የተጠበቀ ነው። ኮምፒውተርዎንም ያመስግኑልኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ቃል ከመጻፌ በፊት ሰባት ጊዜ እንዳስብ አስተምሮኛል።

ምስክር አለሽ ወይ ተብዬም ነበር። ያን ጊዜ አፍሬ ማንንም አልጠራሁም፤ አሁን ግን እጠራለሁ። ምስክሬ እርስዎ ነዎት። ያቺን ሴት በመስኮቱ ሥር በዓይንዎ አይተዋታል፤ በአፍዎም እጅዎ ይባረክ ብለዋታል። የሌለ እጅ አይመረቅም፣ ክቡር ሆይ።

ስለዚህ ቅጹን ሳልፈርም መልሼ ልኬልዎታለሁ። ከቅጹ ጋር አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ያገኛሉ። ትናንት ከጋውኖቹ የተረፈውን ጨርቅ ይዤ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ የመጣሁበትን ስነግራት ብዙ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ መነጽሬን አምጪልኝ አለች። አሥር የቁልፍ ቀዳዳ ሠርታበታለች፤ ለእያንዳንዱ ጣት አንድ አንድ። የጠየቃችሁት አሻራ ይኸው ነው። በፈላ ውኃ አሳጥበው ይዩት፤ አይተረተርም።

እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ በመኪናዬ ላይ፣ ከዚያም በኋላ ከታሸገው በር ፊት ለፊት ሁለት ወንበር አውጥቼ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለአክስቴ፣ መልስዎን በአክብሮት የምጠባበቅ፣

የዘመናዊ ክፍያ አርአያዎ፣
ባለ ሦስት መኪናዋ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ኮትዎ አልቋል። ትከሻው ልክ መጥቷል፣ ገበሩም ያማረ ነው፣ አራት ቁልፎችም ተተክለውለታል። ቀዳዳ ግን የለውም፤ ቀዳዳ የምትሠራው ሰው በመዝገብዎ ስለሌለች፣ የሌለች ሰው የሠራችውን ነገር በክቡርነትዎ ደረት ላይ ማዋል ሕግ መጣስ መስሎ ታየኝ። ሊወስዱት ሲመጡ፣ ዋጋው ከተፈቀደው በላይ ስለሆነ በጥሬ ገንዘብ እንዳልቀበልዎ ደንብዎ ይከለክለኛል፤ በስልክ እንዳልቀበልዎ ሒሳቤ ተቆልፏል፤ እንዲያው ይውሰዱት እንዳልልዎ ደግሞ ለባለሥልጣን እጅ መንሻ ሰጠች እባላለሁ። በጥሬ ገንዘብ የሰጡኝን ቀብድ ልመልስልዎ ወደ ቢሮዎ ብመጣም መስኮቱ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ብሎኛል። ስለዚህ ኮቱ መስቀያው ላይ ነው፤ ዓርብ ሱቁ ሲታሸግ አብሮ ይታሸጋል። ብርዱ እየመጣ ነውና ጉልበትዎን ይሸፍኑ።